ከፎራ የሚመለሰው ሳል

ወንድሞቼ፣ የያቤሎና የነገሌ፣ የሜጋና የዱብሉቅ፣ የአሬሮና የሞያሌ ሽማግሌዎች፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ለልጆቻችን ከመንገሬ በፊት ለእናንተ መጻፍን መርጫለሁ፤ ልጆቻችን የሚሰሙት ከእኛ አፍ የወጣውን ነውና ቃሉ አስቀድሞ በእኛ መካከል መጽናት አለበት። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚህ ቆላ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ለሕሙማን መድኃኒት በማደል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰው መሐል ተቀምጬ ጨዋታ እሰማለሁ፤ ከምሰማውም ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር አለ። የቲቢ መድኃኒቱን በሁለተኛው ወር ትቶ ከብቱን ተከትሎ ስለሄደ ጎልማሳ ሲወራ፣ ክኒኑን ለምታስል ሚስቱ ስላካፈለ ባል ሲነገር፣ አጠገቤ ያሉት አዋቂዎች «ተሽሎታል እኮ» ብለው ነገሩን ያልፉታል። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ሐዘኔም ከዚሁ ይነሣል፤ በክፋት የሚመጣን ጥፋት ሰው በሩን ዘግቶ ይጠብቀዋል፣ በቸልታ የሚመጣውን ግን እያየ ቤቱ ያሳድረዋል።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለዚሁ ቲቢ፣ ሁላችንም የምናውቀው አለን። ሰውን ያከሳል፣ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፣ ደም ያስተፋል፤ ስድስት ወር መድኃኒት ሲወሰድለት ደግሞ ይድናል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በመድኃኒቱ ፊት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ ግን ከመካከላችን የጠየቀ ጥቂት ነው፤ መከራው የተሸሸገውም እዚያ ነው። ይህ ዓይን የማያየው ፍጡር ከወላጁ የወረሰው የዘር መልእክት 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ሳይንቲስቶች ሙሉውን አንብበው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ባክቴሪያው በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ለሁለት ይከፈላል፤ በተከፈለም ቁጥር ይህን ሁሉ ፊደል ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ አንዲት ፊደል ትሳሳታለች። አብዛኛው ስህተት ባክቴሪያውን ይጎዳዋል፣ ወይም ምንም አይለውጥበትም። በጣት የሚቆጠረው ግን ከሞት ያድነዋል፤ ያ ስህተት ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል፣ አይፋቅም።

አይዞናያዚድ የተባለውን መድኃኒት እንውሰድ። ሰው ሲውጠው ገና ባክቴሪያውን የሚገድል ኃይል የለውም፤ ያን ኃይል የሚሰጠው ባክቴሪያው ራሱ ነው። ካትጂ በሚባል ዘረመል የሚታዘዝ አንድ ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙ መድኃኒቱን ይከፍተዋል፣ የተከፈተውም መድኃኒት መልሶ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በዚያ ዘረመል ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ በኢንዛይሙ 315ኛ ቦታ ላይ የነበረው ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በትሪዮኒን ሲተካ፣ ኢንዛይሙ መድኃኒቱን መክፈት ይተዋል፤ ባክቴሪያውን ከጉዳት የመጠበቅ የራሱን ሥራ ግን በአብዛኛው አያጓድልም። ሪፋምፒሲን ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ባክቴሪያው የዘር መልእክቱን እያነበበ ፕሮቲን ለማዘጋጀት የሚገለገልበትን መሣሪያ ጨብጦ ያስቆማል። አርፒኦቢ በሚባለው ዘረመል ውስጥ 81 ፊደላት ብቻ የያዘች አጭር ክፍል አለች፤ ከእነዚያ ፊደላት አንዷ፣ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጊዜ የፕሮቲኑን 450ኛ ቦታ ከሚጽፉት አንዷ፣ ስትለወጥ መድኃኒቱ የሚጨብጠው ያጣል። የአንዲት ፊደል ለውጥ ናት። መድኃኒቱን ግን ታሰንፈዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሪፋምፒሲን በዚያ ሰው ሆድ ውስጥ እንዲሁ ይገባል፣ እንዲሁ ይወጣል።

ብዙዎቻችን የምንስተው ይህን ነው፤ መድኃኒቱ ለውጡን አይፈጥረውም። ሕመምተኛው የመጀመሪያውን ክኒን ከመዋጡ በፊት የተለወጡት ጥቂቶች በሳንባው ውስጥ አሉ። አይዞናያዚድን የሚቋቋም ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንድ ያህል፣ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል ይገኛል፤ በሽታው ያቦረቦረው አንድ የሳንባ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲገባ ሌሎቹን ሁሉ ገድሎ ለእነዚያ ለጥቂቶቹ ሰፊ መሬት ያስረክባቸዋል። ሁለቱን ለውጦች በአንድነት የተሸከመ አንድ ባክቴሪያ እንዲገኝ ግን መቶ ትሪሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል የሚሸከም ሳንባ የለም። አራት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተቀላቅሎ የሚሰጠው፣ ሁለት ወር አራቱ፣ ከዚያም አራት ወር ሁለቱ ሳይቋረጡ የሚወሰዱት ለዚህ ነው። በቱላ ጉድጓድ ውስጥ ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀብሉ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ከመካከል አንዱ ቦታውን ጥሎ ቢወጣ የቀሩት ምንም ቢበረቱ ውሃው ከብቱ ዘንድ አይደርስም። መድኃኒቶቹም እርስ በርስ የሚጠባበቁት በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህን ዓለም የተማረው በሰው ሕይወት ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ሲገኝ የሳንባ ነቀርሳ ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በ107 ሕሙማን ላይ ፈተኑት፤ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ብቻ ሲሆኑ፣ አልጋ ላይ ከማረፍ በቀር ምንም ካላገኙት 52 ሰዎች 14ቱ ሞቱ። ደስታው ግን አልዘለቀም። መድኃኒቱ ብቻውን ስለተሰጠ በአብዛኞቹ ሕሙማን ውስጥ ባክቴሪያው ተላመደው፣ አምስት ዓመት ሳይሞላም መድኃኒቱን ካገኙት ከግማሽ በላይ አፈር ገቡ። ሐኪሞች በአንድ መድኃኒት ማከምን የተዉት ከዚያ ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ያ የተተወው አካሄድ በሌላ በር እየተመለሰ ነው፤ ከእንግዲህ የምናገረው ስለዚያ በር ነው።

የሚያስል ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲን ይገዛል፣ ወይም ገበያ የወጣ ዘመድ ይዞለት ይመጣል። ሲፕሮ የሚመደብበት የመድኃኒት ወገን ቲቢን በጥቂቱ ያዳክማል እንጂ ብቻውን አያድንም፤ ሳሉ ለሳምንታት ይቀልለታል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ በሳንባው ውስጥም ጋይርኤ በሚባለው ዘረመል የተለወጡት ባክቴሪያዎች ይመረጣሉ። የዚያ ወገን መድኃኒቶች ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው የሚታከምባቸው ናቸው። ሰውየው ገና የመጀመሪያውን ሕክምና ሳይጀምር የመጨረሻውን ጋሻ አቃጠለ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ለታመመ ከብቱ የገዛውን ፔንስትሬፕ በሰው ላይ የሚሞክር ነው፤ በዚያ መርፌ ውስጥ ያለው መድኃኒት እንግሊዞች ከሞከሩት ስትሬፕቶማይሲን ጋር አንድ ወገን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የፎራ ነገር ነው፤ ይህን የምናገረው አኗኗራችንን ለመንቀፍ አይደለም። ዝናብ ሲጠፋ የወተት ላሞች በመንደሩ፣ በዋራ፣ ይቀራሉ፣ የቀረው መንጋ ከወጣቶቹ ጋር ርቆ ወደ ሣርና ውሃ ይሄዳል፤ ፎራ የምንለው ይህን ነው። ወጣቱ ሁለት ወር መድኃኒት ወስዶ ጉንጩ ሲሞላ፣ ጉልበቱ ሲመለስ፣ አባቱ «ልጄ፣ ከብቱ ሊያልቅ ነው» ይለዋል፤ ልጅም የአባቱን ቃል አይጥልም። በዚያን ጊዜ በሳንባው ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ሞተዋል፤ የቀሩት ግን ዝግ ብለው የተኙት፣ ለማለቅ ተጨማሪ አራት ወር የሚፈልጉት ናቸው። ከፎራ ሲመለስ ሳሉም አብሮት ይመለሳል። ጥቂት ክኒን ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል፣ ደግሞ ያስለዋል፣ ደግሞ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ በገባና በወጣ ቁጥር መድኃኒቱን የሚችሉት ይተርፋሉ፣ የማይችሉት ይሞታሉ፣ በመጨረሻም ሳንባው የተረፉት ብቻ መኖሪያ ይሆናል። ይህን ልጅ ከብት ያስከተልነው እኛ ነን እንጂ ማንም አይደለም።

ድርቁ ይህን ሁሉ አባብሶታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የጋናውም የሐጋያውም ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲነጥፍ ያየነውን እናንተም አትረሱትም፤ ከብቱ በየሜዳው ወድቆ ቀረ፣ ብዙ መንጋ የነበረው አገር ሰዎች በዱብሉቅና በሌሎች መጠለያዎች ተጨናንቀው የእርዳታ እህል ጠበቁ። ረሀብ በሰው ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየውን ቲቢ ይቀሰቅሰዋል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር መጨናነቅ ደግሞ የአንዱን እስትንፋስ ለሌላው ያቀብላል። ወተቱንም ልንገራችሁ፤ ከብታችንን የሚይዘው የቲቢ ዓይነት ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይሻገራል። በጉጂና በሊበን አርብቶ አደሮችና እንስሳት ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሥራ፣ ከሕሙማን ከተወሰደው ናሙና ጥቂቱ የከብቱ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ይህኛው ገና ከጥንቱ፣ በፒኤንሲኤ ዘረመሉ ውስጥ ባለ አንድ ለውጥ ምክንያት፣ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱን ፒራዚናማይድን የማይፈራ ነው። የወተት ዕቃው የጮጮው ጭስ ወተቱን መዓዛ ይሰጠዋል፣ እንዳይበላሽም ይረዳዋል፤ ቲቢን ግን ያጠፋል ብላችሁ አትመኑ፣ እሳት ላይ ይፍላ።

አሁን ወደ አንድ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በደቡብ አፍሪካ በኳዙሉ ናታል ግዛት ቱጌላ ፌሪ የምትባል የገጠር ከተማ አለች፤ ሕዝቡ ዙሉ ነው፣ ከብት የሚወድ፣ ሽማግሌ የሚያከብር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 መጀመሪያ በዚያች ከተማ ሆስፒታል 53 ሰዎች ቲቢ ተገኘባቸው፤ በዘመኑ የነበሩትን ዋና ዋና መድኃኒቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የተላመደ ቲቢ ነበር። ከ53ቱ 52ቱ ሞቱ። አክታቸው ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ግማሾቹ ከ16 ቀን በላይ አልቆዩም፤ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደረጉት ሁሉ ቫይረሱ በደማቸው ነበረ። ከሁሉ በላይ ልባችሁ ውስጥ እንዲቀመጥ የምፈልገው ግን ይህ ነው፤ ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንዲት የቲቢ ክኒን ቀምሰው አያውቁም ነበር። መድኃኒት ያቋረጡት እነርሱ አይደሉም። ሌላ ሰው ያቋረጠው፣ ሌላ ሰው ያጎደለው፣ በሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ የተመረጠው ባክቴሪያ ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ደረሳቸው፤ በመኝታ ክፍል፣ በተራ መጠበቂያ ወንበር፣ በትንፋሽ ደረሳቸው።

ከዓመታት በኋላ ሳይንቲስቶች በዚያ አካባቢ ከታመሙ ሰዎች የተወሰዱትን ባክቴሪያዎች የዘር መልእክት ፊደል በፊደል አነበቡ። ፊደሎቹ በየስንት ጊዜው እንደሚለወጡ ስለሚታወቅ እያንዳንዱ ለውጥ መቼ ገደማ እንደገባ ወደኋላ መቁጠር ይቻላል። ያገኙትን ስሰማ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ያ 315ኛው ቦታ ላይ ያለው የካትጂ ለውጥ፣ አይዞናያዚድን የሚያሰንፈው፣ በዚያ የባክቴሪያ ዘር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ ነበር፤ አይዞናያዚድ ለሰው መሰጠት ከጀመረ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1984 ገደማ የሪፋምፒሲን ለውጥ ተጨመረበት። በ1995 ገደማ የቀሩትም ተጨመሩበት። ሰዎቹ የሞቱት ከ2005 ጀምሮ ነው። በ1957 በዚያ አገር አንድ ሰው መድኃኒቱን አጉድሎ ይሆናል፣ ወይም ብቻውን ተሰጥቶት ይሆናል፤ ያ ሰው ተሽሎት ወደ ከብቱ ተመልሶ ይሆናል፣ ሽማግሌዎቹም ነገሩን ትተውት ይሆናል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የማያውቃቸው ሰዎች በዚያ ምክንያት ሞቱ። ወንድሞቼ፣ ዛሬ የምናሳልፈው ነገር የሚቆጠረው በእኛ ዘመን አይደለም፤ እኛ ሳንኖር፣ ስማችን ሲረሳ፣ የልጅ ልጆቻችን ሲያስሉ ነው።

ይህ የቱጌላ ፌሪ ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ከ48 አገሮች የተሰበሰቡ ከ5000 በላይ የቲቢ ባክቴሪያዎችን አንብቦ ያረጋገጠው፣ የካትጂው ለውጥ በየአገሩ በአብዛኛው ከሪፋምፒሲኑ ለውጥ አስቀድሞ እንደሚመጣ ነው። እርሱ በር ከፋች ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኘው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ታላቅ ሥራ ይሠራል፤ አክታውን ተቀብሎ በሁለት ሰዓት ያህል ቲቢ መኖሩንና ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መላመዱን ይነግራል። የሚያየው ግን እነዚያን 81 ፊደላት ነው። የተለመደው ዓይነት ምርመራ የካትጂን ለውጥ አያይም፤ ስለዚህ በሪፋምፒሲን በኩል ደህና ነው የተባለ ሰው አይዞናያዚድን በተላመደ ባክቴሪያ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ክኒኑን ሲያጎድልም ሪፋምፒሲኑ በአደጋ ላይ ብቻውን ይቆማል። መሣሪያው የሚነግረን ጉዳቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የሚጠብቅ መሣሪያ የለም፤ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ቀድሞ ሰው የሚጽናናበት ወሬ ነበር፤ የተላመደው ባክቴሪያ ደካማ ስለሆነ ራሱ ይጠፋል ይባል ነበር። ይህም አልሆነም። በሪፋምፒሲኑ ለውጥ የተዳከመው ባክቴሪያ ውሎ አድሮ አርፒኦሲ በሚባለው ጎረቤት ዘረመል ሌላ ለውጥ ያገኛል፤ በዚያም የጠፋ ጉልበቱን ይመልሳል፣ እንደገናም ወደ ጤነኛ ሰው ሳንባ ይሻገራል። አዲስ መድኃኒት ይመጣል የሚሉም አሉ። ቤዳኩዊሊን የተባለው እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሲፈቀድ ከአርባ ዓመት በላይ የተጠበቀ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር ተቀናጅቶ የተላመደውን ቲቢ በስድስት ወር ለማከም አስችሏል፤ ይህም ብዙ ሰው ያተረፈ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ባክቴሪያው ለእርሱም የሚሆን ፊደል አለው፤ በአርቪ0678 በተባለው ዘረመል የሚገቡ ለውጦች መድኃኒቱን ከሕዋሱ አውጥተው የሚጥሉትን ቧንቧዎች ይከፍታሉ፣ በልዩ ልዩ አገሮችም ታይተዋል። አዲሱንም በቸልታ ከያዝነው የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል።

የእኛ አገር ታሪክ አሁንም መመለስ እንደሚቻል ያሳያል፣ ተስፋ የማልቆርጠውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱን የጤና ሠራተኛ እያየው እንዲዋጥ የሚያደርገው የዶትስ ሥርዓት በኢትዮጵያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በጎረቤታችን በባሌ ነው። ሁለቱን ዋና መድኃኒቶች፣ አይዞናያዚድንና ሪፋምፒሲንን፣ የተላመደውን ቲቢ ማከም ደግሞ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ሕመም ሥርዓት ያለው ሕክምና ስላልነበረ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። የሕክምናው ዘመን እስከ ሁለት ዓመት ይደርስ ነበር፤ በየቀኑ ለወራት የሚወጋው መርፌ አንዳንዱን ሰው ከሕመሙ አድኖ ጆሮውን ነሥቶታል። አገር አቀፍ ጥናቶቹ ያመጡት ቁጥር ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 በተደረገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታመሙት 100 ሰዎች ውስጥ ሁለት የማይሞሉት ሁለቱን መድኃኒቶች የተላመደ ቲቢ ነበራቸው፤ ከዚህ ቀደም ታክመው በተመለሱት ዘንድ ግን ከ100 ወደ 12 ነበሩ። ከ2011 እስከ 2014 በተደረገው የመጀመሪያዎቹ 2.3 በመቶ፣ የተመለሱት ግን 17.8 በመቶ ሆኑ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የተጓደለ ሕክምና ርቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረጃ የምሻ አይደለሁም።

እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር አውጥቷታል፤ ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ ፍሬ ነው። ነገር ግን ቲቢ ራሱ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር አልወጣንም። የምሥራቹን ሰምቶ የሚተኛ ሰው እንዳይበዛ እሰጋለሁ። ከዝርዝር መውጣት በወረቀት ላይ ነው፤ በፎራ ያለው ልጅ ሳንባ ግን ዝርዝር አያውቅም።

ከእናንተ ጋር መከራ አይቻለሁ። የ66ቱን ድርቅ አይቻለሁ፣ የ77ቱን አይቻለሁ፤ ኤች አይ ቪ በሞያሌ መንገድ ከመኪና ጋር ሲወርድ፣ ሰው ስሙን ለመጥራት ሲፈራ፣ የታመመው በጓዳ ሲሸሸግና ሚስቱ በዝምታ ስትከተለው አይቻለሁ። ያኔ የገደለን በሽታው ብቻ አልነበረም። ሐኪም ሳይጠፋ፣ ቃል ሳይጠፋ፣ የሚከበር ሰው ቆሞ የሚናገርበት ጊዜ አለፈ፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ብዙዎች መቃብር ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ስለ ቲቢ የማየው ዝምታም ያው ነው። ሴት ልጅ ታስላለች ተብሎ ጋብቻ ይቀራል ብለው የሚሸሽጉ ወላጆች አሉ፤ ሳሉ በዘር የወረደ ነው የሚሉ አሉ፤ ጸበሉ ወይም ዱዓው ይበቃል ብለው ክኒኑን የሚያስጥሉም አሉ። ጸሎቱ ይቀጥል፣ ክኒኑ አይቋረጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው የሚሠራለትን መድኃኒት ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቤተሰቡ የሚያሰጋው እጅግ ይቀንሳል፤ የሚያሰጋው የተሸሸገው ነው፣ ያቋረጠው ነው።

እኛ ይህን ማስቆም እንችላለን፣ የምንችልበትም ሥርዓት ከአባቶቻችን በእጃችን አለ። ከብቱ ያለቀበትን ሰው በቡሳ ጎኖፋ የምናቋቁም ሕዝብ ነን፤ አንድ ሰው መንጋውን ስላጣ ከሰው ተራ እንዲወጣ አንፈቅድም። በሳንባው የታመመ ወጣት ስድስት ወር ከዋራ እንዳይርቅ ከብቱን ሌላው የሚጠብቅለት ለምን ይህ ሥርዓት አይሆንም? በጉድጓዱ ላይ የውሃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለን፤ በየኦላው፣ በየመንደሩ፣ የአንድን ሕመምተኛ ክኒን ቀን በቀን የሚያስውጥ አንድ የታመነ ሰው ማስቀመጥ ከዚያ አይከብድም። በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግ የሚታወጅለት ሕዝብ፣ «መድኃኒት የጀመረን ሰው ሳይጨርስ ወደ ፎራ የሚልክ አባት ይጠየቃል» ብሎ ቢደነግግ ሰሚ ያጣል ብዬ አላምንም። ሐኪም ያዘዘውን ሰው ሊያልፈው ይችላል፤ የሽማግሌን ቃል ግን በዚህ አገር ማንም በቀላሉ አያልፈውም። ከአዲስ አበባ ርቀን እንኖራለንና ሁሉን ነገር ከዚያ አንጠብቅ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ይህን ያነበባችሁ ዛሬ ማታ በየኦላችሁ ጠይቁ፤ ማን እያሳለ ነው፣ ማን መድኃኒት ጀምሮ አቆመ፣ የማን ልጅ ፎራ ሄዶ ሳለ ሳሉ ሁለት ሳምንት አለፈው? ያቋረጠውን አትቆጡት፣ አታሳፍሩት፤ ያቋረጠበትን ቀን ሳይሸሽግ እንዲናገር አድርጋችሁ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ አክታው እንደገና ይመርመር፤ የተቋረጠውን ክኒን በራሱ ፈቃድ ከቀረበት አይቀጥል። ሲፕሮ ገዝቶ የሚጠብቅ ካለ ይተወው። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም ሆነ የስድስት ወሩ መድኃኒት ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው።